ሙሽራ አትስቅም

እትዬ አስካለ መሞታቸውን የሰማሁት ፎቶ ስጠየቅ ነው። የእህታቸው ልጅ ሰናይት በጠዋት በሬን አንኳኳች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳያት ቀሪውን አልጠየቅኋትም።

«እትዬ ውብነሽ፣ አክስቴ ትናንት አረፈች» አለች እንደቆመች። «ድንኳን ውስጥ የምናስቀምጠው ፎቶ አጣን። ቤቱን ገለበጥነው፤ አንድ እንኳ የላትም።»

«መታወቂያቸው ላይ ያለውስ?»

«እሱማ ፖሊስ የሚፈልጋት ነው የሚያስመስላት። የእርስዎ ሰርግ ላይ ተነሥታለች ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

ፈልጌ ከሰዓት እንደማመጣ ነግሬ ሸኘኋት። መፈለግ አላስፈለገኝም። አልበሙ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ እትዬ አስካለ የትኛው ፎቶ ላይ እንዳሉም አውቃለሁ። ያንን ፎቶ ግን ለማንም ማሳየት አልወድም።

ቄራ ባለው ለቅሶ ቤት አሁን «ደግ ሴት ነበሩ» እየተባለ ይሆናል። ይባል። ሰው ሲሞት የሰው ምላስ ይለሰልሳል፤ የእኔ ግን እንዲህ ቶሎ አይለሰልስም። እትዬ አስካለን ከእኔ ይበልጥ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ካዛንቺስ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ በእሳቸውና በእኔ መካከል የነበረው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

ግቢያችን ዛሬ የለም፤ ሕንፃ ቆሞበታል። ያኔ ጎን ለጎን የተደረደሩ የቀበሌ ክፍሎች ነበሩበት፤ የእኛ ክፍል ከእሳቸው ይቀጥላል። እናቴ ስትሞት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አስከሬኗን ያጠቡት፣ ለቀስተኛውን የተቀበሉት፣ ድንኳኑ ሲነቀል የመጨረሻውን ትሪ አድርቀው የቆለፉበት እትዬ አስካለ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ አዛዥ ሆኑ። ማንም አልሾማቸውም።

የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በአንገታቸው ነበር፣ ከማተባቸው ጋር። የሰው ጣት የሚያህል ብረት ነው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ ያለ እሳቸው ፈቃድ አይወጣም። ረዥምና ቀጭን ነበሩ። ሰው ሲያነጋግሩ ዓይናቸው ከሰውየው ትከሻ በላይ ያልፋል፤ ከኋላው የሚመጣበትን ነገር አስቀድመው የሚያዩ ይመስል። ልጆች ሲሳሳቁ ካዩ አይቆጡም። የራሳቸውን አፍ በመዳፋቸው ይከድናሉ። ልጆቹም ጸጥ ይላሉ።

«ሰው ያየው ደስታ ይከሳል» ይሉ ነበር። ይህን ከማንም ሰምተው አይመስለኝም፤ የራሳቸው ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለፍኩ ቀን እየሮጥኩ ግቢ ስገባ ክንዴን ይዘው ወደ ማድ ቤት ጎተቱኝና በሩን ዘጉ።

«አለፍኩ እኮ እትዬ አስካለ!»

«ሰማሁ። ቀስ በይ። እዚያ ማዶ ያለችው ልጅ ወድቃ እያለቀሰች ነው። ደግሞስ ምን ቸኮለሽ? ለሰርግ የሚተከለው ድንኳን ያው ለለቅሶ የሚተከለው ነው። እኔ ነኝ የማጥፈው፤ አውቀዋለሁ።»

እንዲህ ነው ያለፍኩት፤ በሹክሹክታ። ሌሎች ልጆች ለስላሳ ተከፍቶላቸው ተጨፈረላቸው። ይህንን አልረሳሁላቸውም።

ከዚያ ማተሚያ ቤት ተቀጠርኩ፤ አራሚ ሆኜ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ አዳዲስ ማሽኖች መጡና ፔተር የሚባል ፈረንጅ ሊተክላቸውና ሊያስተምርባቸው ተከትሏቸው መጣ። የአገሩን ስም አልጽፍም፤ አገሩ ምንም አላደረገኝም። እንዴት እንደተዋደድን መጻፍም የእኔ ልማድ አይደለም። ላገባው ተስማማሁ፤ ይህ ይበቃል።

የሰፈሩ ሰው አፉን ከፈተ። እትዬ አስካለ ደግሞ ግቢው መሃል ቆመው ሁሉም እየሰማ «ፈረንጅና የበልግ ዝናብ አንድ ነው፤ መጣ ስትዪ ሄዷል» አሉኝ። ይህንንም አልረሳሁላቸውም።

ፔተር ዘመድ ስላልነበረው ሽማግሌ አድርጎ የላካቸው የማተሚያ ቤቱን ዘበኛና የማሽን ክፍሉን ኃላፊ ነው። በእኔ በኩል የተቀመጡት የእድሩ ሊቀመንበርና እትዬ አስካለ ናቸው። ሊቀመንበሩ ስለ ሃይማኖቱ ጠየቁ፤ ስለ ሥራው ጠየቁ። እትዬ አስካለ ተራቸው ሲደርስ፦

«እድር አለው?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እትዬ አስካለ፣ ፈረንጅ ነው እኮ» አለ ዘበኛው።

«ፈረንጅ አይሞትም?»

ፔተር እድር ገባ። በሚቀጥለው ለቅሶ የድንኳን ቋሚ ተሸክሞ በካዛንቺስ ቁልቁል ሲወርድ መኪኖች ቆመው አዩት። ሰፈሩም ከዚያ ወዲህ ጴጥሮስ አለው።

ሰርጉ በግቢያችን፣ በዚያው በእድሩ ድንኳን ሆነ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሙሽራ ጥርሷን ማሳየት ጀምራ ነበር፤ ድሮ ግን ነውር ነው፤ ከቤቷ ስትወጣ የምትስቅ ሴት መውጣቷን የወደደችው ትመስላለች። እትዬ አስካለ ድሮ ላይ ነበሩ።

«ሙሽራ አትስቅም» አሉኝ ቬሉን እያስተካከሉ።

«የት ልወጣ ነው? እዚሁ ክፍል ውስጥ እኮ ነው የምኖረው! እሱ ነው የሚገባው።»

«ቢሆንም።»

ፎቶ አንሺው ከለገሃር የመጣ ቀልደኛ ነበር። «ሙሽሪት ትንሽ ፈገግ!» ባለ ቁጥር ከኋላዬ የቆሙት እትዬ አስካለ ወገቤን ይቆነጥጡኛል። እሱንም «አንተ ካሜራህን ያዝ!» ይሉታል። ቀሚሱ ስስ ነበር፤ በማግስቱ ወገቤ በልዞ አየሁት። ፎቶዎቹ ሲታጠቡ ፔተር በሁሉም ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ይስቃል፤ እኔ ከጎኑ መርዶ የተነገራት ሴት እመስላለሁ። አንድ ጊዜ አየኋቸውና አልበሙን ከአልጋ ሥር ከተትኩት።

ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። የፔተር ኮንትራት አለቀ። በዚያው ሰሞን እናቱ ዓይናቸው ጠፋ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩና ከእሱ በቀር ልጅ አልነበራቸውም። መሄድ ነበረበት። አብረን እንድንሄድ ደግሞ ለእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ከኤምባሲው ያስፈልጋል። ጋብቻችን የእውነት መሆኑን ማሳየት ነው ተባልን፤ ይህ ምን ይከብዳል ብለን አልበሙን ይዘን ሄድን።

ለየብቻ ጠየቁን። ፔተር ቀድሞ ገብቶ ወጣ። እኔ መስኮቱ ፊት ስቀመጥ ከመስተዋቱ ወዲያ ሹሙና አንድ የእኛው አገር ወጣት አስተርጓሚ ነበሩ።

«ባለቤትዎን የት ተዋወቁ?»

«ሥራ ቦታ።»

«ምናቸውን ነው የሚወዱት?»

«ባሌ ነው።»

«ባልዎ ስለሆኑ ነው የሚወዷቸው?»

«አዎ።»

ዛሬ ሳስበው ሌላ መልስ እንደነበረ ይገባኛል። ግን መንግሥት የሚመስል ነገር ፊት ተቀምጦ የልቡን የሚዘረግፍ ሰው ካዛንቺስ ውስጥ አላደገም። የተጠየቅሽውን ብቻ፣ እሱንም ግማሹን፤ ይህ የእትዬ አስካለ ትምህርት ነው። ሹሙ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ባለቤትዎ ከሁሉም የምወደው ሳቋን ነው፣ ቤት ውስጥ ስትስቅ ነው የምትውለው ብለዋል» አለ በአስተርጓሚው በኩል። «እኔ ግን ከገቡ ጀምሮ አንድም ጊዜ ፈገግ ሲሉ አላየሁም። ሰርግዎም ላይ አላየሁም። የምናወራው ስለ አንድ ሰው ነው? ወይስ ያስገደደዎት ሰው አለ?»

«ማንም አላስገደደኝም።»

«ታዲያ ለምን አዘኑ?»

«ሰርግ ነበር» አልኩ።

አስተርጓሚው ተረጎመው። ሲተረጎም የባሰ ሆነ። ሹሙ ለረጅም ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ሁለታችንንም የሚያውቅ፣ አብሮን የኖረ ሰው ይዤ እንድመለስ አዘዘኝ፤ ያ ካላረካው ባሌ ብቻውን ይሄዳል።

ወጥተን ስንሄድ ፔተር «ለምን አልሳቅሽም?» አለኝ።

«ምን ያስቃል?»

«እኔን አስበሽ።»

«መንግሥት ፊት ቁጭ ብዬ አንተን አስቤ አልስቅም!»

የአውሮፕላን ትኬቱ ተቆርጧል። እናቱን የያዙላቸው ጎረቤቶች መቼ ነው የምትመጣው ይላሉ። እሱ ከሄደ መመለሱን ማን ያውቃል? የበልጉ ዝናብ ትንቢት ሊፈጸም ነው። የሚፈጸመውም ትንቢቱን በተናገሩት ሴት ቁንጥጫ ምክንያት ነው። በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ድንኳኑን ፀሐይ ላይ ዘርግተው የተቀደደውን ይጥፋሉ።

«እሰይ!» አልኳቸው። «ደስ ይበልዎት! ሙሽራ አትስቅም አሉ፤ ይኸው አልሳቅሁም፤ በግድ የተዳረች ናት ተባልኩ። ባሌ ብቻውን ሊሄድ ነው።»

መርፌውን አልጣሉም። «ማነው እንደዚህ ያለው?»

«የኤምባሲው ሰው።»

«አባት የለውም እንዴ፣ እናት የለውም? ሰርግ አያውቅም?»

«አያውቅም! አያውቅም እትዬ አስካለ! እነሱ አገር ሙሽራ ትስቃለች!»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «መቼ ነው ሰው አምጪ ያለሽ?» አሉ።

እሳቸውን ልወስድ አልነበረም የሄድኩት፤ ልጣላቸው ነበር። ግን የኤምባሲው ሰው አብሯችሁ የኖረ ሰው ነው ያለው፤ ሌላ ከየት ላምጣ?

በቀጠሮው ቀን የኤምባሲው በር ላይ ፈታሹ ብረት በሙሉ ይቀመጥ አለ። እትዬ አስካለ ቁልፉን በእጃቸው ሸፈኑት።

«ይህ ከአንገቴ አይወርድም። የእድር ነው። አሁን ሰው ቢሞትስ?»

«እማማ፣ ሕግ ነው፣ ምን ላድርግ?»

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

የአባቱን ስም ተናገረ። የት እንደሚኖር ጠየቁት። ባምቢስ ጀርባ ነው። እድሩ የትኛው እንደሆነ ጠየቁት። ሲነግራቸው ቁልፉን አውልቀው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። «የአንተን እድር ሴትዮ አውቃታለሁ። ብትጥለው ለእሷ ነው የምነግርብህ» አሉት። ሰውየው እስክንወጣ ድረስ ኪሱ ውስጥ እንኳ አልከተተውም፤ በእጁ ይዞት ቆመ።

እኔን ከኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ጆሮዬን ግን አልደፈንኩም።

ሹሙ ፎቶዎቹን አሳያቸው። «ሙሽራዋ ለምን አትስቅም?»

«እኔ ከልክያት።»

«ለምን?»

እትዬ አስካለ ወደ አስተርጓሚው ዞሩ። «ይሄ ይጠየቃል? አንተ ንገረዋ!»

«እማማ፣ እኔ መተርጎም ብቻ ነው የሚፈቀድልኝ።»

«አግብተሃል?»

«አላገባሁም።»

«ለዚህ ነው።»

ሹሙ ምን እንዳሉ ጠየቀ፤ ልጁ አፈረ። ቀጥሎ በግድ ተድራ እንደሆነ ተጠየቁ። «እሷን?» አሉ። «እሷን በግድ የሚድር ገና አልተወለደም። እኔ እንኳ ስንት ዓመት ሞክሬ እምቢ ብላኛለች።» ስለ ፔተርም ተጠየቁ፤ የእድር አባል ነው አሉ። አስተርጓሚው እድርን ሲያስረዳ ብዙ ጊዜ ፈጀ። «ለጨዋታ የሚያገባ ሰው እድር አይገባም» ሲሉ ጨመሩለት። «ይህ ልጅ የሰው ሬሳ ተሸክሟል። የእሷንም ሊሸከም ነው የገባው።»

ሹሙ ግን ያችኑ አንዷን ነገር አልለቀቀም። «ባሏ በጣም ትስቃለች ይላል። ስትስቅ አይተዋት ያውቃሉ?»

ጀርባቸውን ነው የማየው፤ ትከሻቸው ቀጥ አለ። እምቢ የሚሉ መሰለኝ። ሰው ያየው ደስታ ይከሳል የሚሉት እሳቸው ናቸው።

«አይቼ አላውቅም» አሉ። «እሰማለሁ እንጂ።»

«እንዴት?»

«የመኝታችን ግድግዳ አንድ ነው። ጭቃ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ይህች ልጅ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔም ይሆናል። እሱ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ድምፅ ሰማሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ነጠላዬን አንሥቼ ልወጣ ነበር። ከዚያ ገባኝ። የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ አይገባኝም። ሳቁ ግን ይገባኛል።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

«አይረብሽዎትም?»

«አልጋዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት» አሉ እትዬ አስካለ።

እዚያ አግዳሚ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያንን ሳቅ ከሰው ሁሉ ደብቄው ነበር፤ እሳቸው ግን አጠገቡ አልጋ ዘርግተውበት ኖረዋል! እሱም ሳይበቃ ለማላውቀው ፈረንጅና ጢሙ ገና ላልጠነከረ ልጅ አወጡት።

ሹሙ ከፎቶዎቹ አንዱን አንሥቶ በመስተዋቱ በኩል አስጠጋላቸው። «ይህቺ ከሙሽራዋ ኋላ ሆና የምትስቀው ሴት እርስዎ ነዎት?»

ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና አሉ። «እኔ አይደለሁም» አሉ።

ሹሙ ፎቶውን አየ፣ እሳቸውን አየ። ከዚያ ሳቀ። አስተርጓሚውም ሳቀ። ሁለቱ ብቻ ናቸው የሳቁት።

ፈቃዱ ወጣ። እኔ ግን ፎቶውን ያየሁት ቤት ከተመለስን በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የማየው የራሴን ፊት ብቻ ነበር። እውነት ነው፤ ከኋላዬ እትዬ አስካለ ድዳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። የግራ እጃቸው ወገቤ ላይ ነው፤ እየቆነጠጡኝ። እኔን ከልክለው እሳቸው ሳቁልኝ! አልበሙን መልሼ ዘጋሁት።

ወሬው ከኤምባሲው ከእኛ ቀድሞ ካዛንቺስ ደረሰ። ሱቅ ስሄድ «ሳቂታዋ መጣች» ይሉኛል። «በግድግዳ የተመሰከረላት» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አልልም። ፔተር ሲያስቀኝ ትራስ እነክሳለሁ። ጥቂት ቀን እንዲህ ከሆንን በኋላ አንድ ምሽት ግድግዳው ተንኳኳ።

«ምነው?» አሉ እትዬ አስካለ ከወዲያ በኩል። «ታመማችሁ እንዴ?»

ፔተር ትራሱን ከአፌ ነጠቀኝ።

የሄድን ቀን ግቢው በሙሉ ሊሸኘን ሲወጣ እሳቸው አልወጡም። ፔተር ዕቃ ቤት ድረስ ሄዶ ትከሻቸውን ስሞ መጣ። «እድርህን አትስጋ፤ ስምህን ማንም አይሰርዘውም» ብለውታል። ለእኔ ምንም አልላኩብኝም። እኔም አልሄድኩም።

እናቱን እስኪቀብር፣ ከዚያም ጡረታ እስኪወጣ እዚያ ኖርን። ስንመለስ ግቢው ፈርሷል፤ ሰው ተበትኗል። እድሩ ግን አልተበተነም። ጴጥሮስም ከአገር ወጥቶ ሳለ አባልነቱ አልተሰረዘም። በእሱ ፈንታ ለቅሶ ሲደርሱ፣ በእሱ ተራ አግዳሚ ሲያሸክሙ የኖሩት እትዬ አስካለ መሆናቸውን ሌላ ሰው ነገረን። እኔ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። በዓል ሲሆን እየሄድን እንጠይቃቸዋለን። ስለ ኤምባሲው አንድ ቀን እንኳ አንሥተን አናውቅም።

ሰናይት ከሄደች በኋላ አልበሙን ሳወጣ ፔተር ተመለከተኝና «አትስጪ ብትይ ይገባኛል» አለ። እንዲህ ሲል ነው የሚያናድደኝ።

ባምቢስ ያለው ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ሠራተኛው ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። «እርስዎን ቆርጬ ላውጣዎት?» አለ።

«አውጣኝ።»

ሞከረ። ራሴን ቆረጠ፣ ትከሻዬን ቆረጠ። «ሙሉ በሙሉ አይሆንም» አለ በመጨረሻ። «እጃቸው እርስዎ ላይ ነው። እርስዎን ካወጣሁ የእሳቸው ክንድ ይቆረጣል።»

«ተወው» አልኩት።

ድንኳኑ ቄራ፣ ሰናይት ቤት ደጃፍ ተተክሏል። ያው ድንኳን ነው፤ የእትዬ አስካለን ስፌት አውቀዋለሁ። ፔተር ገና ሳንገባ አግዳሚ ከሚሸከሙት ጋር ተቀላቀለ። ሰናይት ፎቶውን ከፊት፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀመጠችው። እትዬ አስካለ ይስቃሉ። ክንዳቸው በነጭ ቀሚስ ወገብ ዙሪያ ያልፋል፤ የቀሚሱ ባለቤት ራስ የላትም።

ለቅሶው ለአፍታ ቆመ። «ወይ ጉድ! አስካለ ጥርስ ነበራት እንዴ?» አሉ አንዲት የጥንት ጎረቤታችን። «እንዴት ደስ ብሏት ነው! የማን ሰርግ ነው?»

የተጠየቅሁትን ሁሉ አልመልስም። ዓይኔ ግን ከዚያች ቆንጣጭ እጅ ላይ አልነሣ አለኝ፤ ወገቤ እንደገና ያመመኝ መሰለኝ። «እኔ አይደለሁም» ማለታቸው ትዝ አለኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጫንኩ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አቀፈችኝ።

«አይዞሽ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አለችኝ።

የማለቅስ መስሏታል።